ቀስቷ መሃል ላይ ናት፤ ሞተሩስ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ጌጅ ነው፣ የሞተሩን ግፊት፣ ሙቀትና የመሳሰለውን ስለሚያሳየው መለኪያ። አንዱ ቱርቦ አስገጥሞ ምን ልጨምር ይላል፣ ሌላው የገጠመው ጌጅ እየዋሸው ነው፣ አንዷ ደግሞ ጌጁን በማመኗ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) አበላሽታለች። ስለዚህ የፍሬኑንና የጎማውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አቆይቼ በዚህ ብቻ እገባለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ላይ የነበረውን ስድብም ቆርጫለሁ፣ በተናደደበት ነገር ግን አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም። ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተሬ ላይ ቱርቦ አስገጥሜያለሁ። ቦታ ያለኝ ለሦስት ጌጅ ብቻ ነው፣ አቅሜም ከዚያ አያልፍም። ጓደኞቼ በሙሉ ቅድሚያ ለቡስት ጌጅ (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የአየር ግፊት ለሚያሳየው) ይላሉ። አንተስ ምን ትላለህ? ደግሞ ሁሉም ዕቃ አንድ ይመስላል፣ የሚታመነውን በምን ልለየው?
ቱርቦ ያሳበደው

መልስ፦ የቡስት ጌጅ ደስ ይላል፣ አልክድም። ቀስቷ ስትወነጨፍ ማየት ራሱ መዝናኛ ነው። ግን ሦስት ብቻ ከሆነ ራስህን ሌላ ነገር ጠይቅ፦ ይህ ነገር ሲበላሽ ሞተሩ ለመሞት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

የዘይት ግፊት ከጠፋ ጉዳዩ የሰከንዶች ነው። በኮሎው (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እና በብሮንዚናው (ዘንጉን በያዘው ማቀፊያ) መካከል ያለችው ስስ የዘይት ሽፋን ትጠፋና ብረት ከብረት ይገናኛል። የቱርቦህም ዘንግ የሚሽከረከረው በዚሁ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ስለዚህ አንደኛው የዘይት ግፊት ነው፣ ክርክር የለውም። ፋብሪካው ዳሽቦርድ ላይ ያስቀመጠልህ ቀይ መብራት አለ አይደል? እሱ በብዙ መኪኖች የሚበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ወይም 0.5 ባር ሲወርድ ነው። በደቂቃ 6000 ዙር እየጮኸ ላለ ሞተር ያ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን መርዶ ነው። የቆየ የመካኒክ ልማድ በየ1000 ዙሩ ወደ 0.7 ባር ይጠብቃል፣ ማለትም በ6000 ዙር ከ4 ባር በላይ። ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ግን 1 ባር አካባቢ ቢሆን አትደንግጥ። የሞተርህ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ያዝ፣ እኔን ተወኝ።

ሁለተኛው የአየርና የነዳጅ መጠን ጌጅ ነው፣ ዋይድባንድ የሚሉት። ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ ድብልቁ ከሳሳ ፒስተን ለመቅለጥ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ቤንዚን በትክክለኛው ልክ የሚቃጠለው በ14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ግን ወፈር ይደረጋል፣ ብዙውን ጊዜ ከ11.5 እስከ 12 ባለው ውስጥ። እዚያ ቦታ ላይ 14 ካየህ እግርህን አንሳ። መኪናው ጋር የመጣው ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ይህን ሊነግርህ አይችልም፣ እሱ የሚያውቀው ከ14.7 በላይ ነህ ወይስ በታች የሚለውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው የውሃ ሙቀት። እሱ ደቂቃዎች ይሰጥሃል፣ ግን የፋብሪካውን ጌጅ እንዳታምን የሚቀጥለው ደብዳቤ ያሳይሃል። ቡስቱስ? አብዛኞቹ የተስተካከሉ የሞተር ኮምፒውተሮች ቡስት ከልክ ሲያልፍ ነዳጅ እንዲያቋርጡ ይደረጋሉ። ዘይት ሲጠፋ የሚያቋርጥልህ ግን እምብዛም የለም። አራተኛ ቦታ ስታገኝ ቡስቱን ጨምር።

አሁን የሚታመነውን መለየት። ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፣ መብራቱን፣ ቀለሙን፣ ቀስቷ ሲከፈት እስከ ጥግ ደርሳ መመለሷን። ጌጁ ግን የሚያውቀው ሴንሰሩ የነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ሴንሰሩ ጠይቀው። ለብቻው ይሸጣል? ከሦስት ዓመት በኋላ ቢበላሽ ተመሳሳዩን አገኛለሁ? የሚለካው ከስንት እስከ ስንት ነው? በስንት ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ወይም በስንት ቮልት እንደሚሠራ የሚያሳይ ወረቀት አለው? መልሱ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ብቻ ከሆነ አመስግነህ ውጣ። እንደ ዴፊ፣ ቪዲኦ፣ ኦቶ ሜትርና ስታክ ያሉት የታወቁ ስሞች ዋጋቸው ያለው መረጃቸው የታተመና ሴንሰራቸው በመለዋወጫነት የሚገኝ በመሆኑ ነው። ስማቸው ደግሞ ተመሳስሎ ይሠራል፣ እና ከወኪል ግዛ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ የራሴ ነው። በአንድ ወቅት ስሙን የማልጠራው ርካሽ የዘይት ግፊት ጌጅ ገጠምኩ። ቀን ቀን ቆንጆ ይሠራል። አንድ ምሽት የፊት መብራት ሳበራ ግፊቱ ግማሽ ባር ወረደ። አጠፋሁ፣ ተመለሰ። አበራሁ፣ ወረደ። ማራገቢያውን ስከፍት ደግሞ ተጨማሪ ወረደ። ዘይት ስለ መብራት ምን ያውቃል? ጌጁ ይለካ የነበረው የባትሪዬን ቮልት ጭምር ነበር። እስከ ዛሬ ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ጌጅ የምፈትነው በዚህ ነው፦ ሞተሩን አሙቀህ ሚኒሞ ላይ አቁመው፣ ከዚያ መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ተራ በተራ ክፈት። ዙሩ ሳይቀየር ቀስቷ ከተንቀሳቀሰች ወይ ኔጋቲቩ (ከመኪናው ብረት ጋር ያለው ግንኙነት) መጥፎ ነው ወይ ጌጁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሙቀት ጌጄ ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው፣ ሽቅብም ቁልቁልም። ባለፈው ረጅም ዳገት ላይ አንድ ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ወረደ፣ በረደ ብዬ ደስ አለኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሞላ። ቴስታታው ተጣሞ ተገኘ። ጌጁ ተበላሽቶ ነው?
መሃል ላይ የቀረችው

መልስ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ። ጌጁ ግን አልተበላሸም፣ የተሠራው እንደዚያ ነው። ቀስቷ ትንሽ ከፍ ባለች ቁጥር ሰው ጋራዥ እየሮጠ ስላስቸገረ ብዙ አምራቾች መሃል ላይ እንድትቆም አድርገዋታል። በብዙ መኪኖች ከ75 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ንቅንቅ አትልም። ከመሃል ስትለቅ ነገሩ አልቋል።

የወረደችው ለምን ነበር? ውሃው ሲፈስ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለቀረ ነው። የውሃ ሴንሰር ሙቀቱን የሚቀበለው ከነካው ውሃ ነው። ውሃው ከሥሩ ሲሸሽ አየርና እንፋሎት ብቻ ይቀረዋል፣ እሱ ደግሞ ሙቀቱን በደንብ አያደርስለትም። ሞተሩ እየጋለ ጌጁ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዳገት ላይ ያለ ምክንያት የወረደች ቀስት ከወጣች ቀስት በላይ ታስፈራኛለች። ጠንክረው ለሚነዱ ሰዎች ከሙቀቱ ጌጅ ሌላ የውሃ ግፊት ጌጅ ወይም የውሃ መጠን ማስጠንቀቂያ እንዲጨምሩ የምመክረው ለዚህ ነው። ቱቦ ሲቀደድ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። ውሸት የለውም።

አዲስ ጌጅ ከገዛሽ ቁጥር ያለበትን ግዢ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ብቻ ያለበትን አይደለም። ከመግጠምሽ በፊት ሴንሰሩን ድስት ውስጥ ቀቅይው፣ አልቀልድም። ሴንሰሩን በገመዱ አንጠልጥይው፣ የድስቱን ቂጥ አይንካ፣ ባለ አንድ ገመድ ከሆነ የብረት አካሉን ከኔጋቲቭ ጋር አገናኚው። ውሃው ሲንተከተክ ጌጁ 100 ማለት አለበት። ከፍታ ቦታ ላይ ካለሽ ግን 100 አትጠብቂ። በየ300 ሜትሩ የሚፈላበት ሙቀት ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ 2400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቅ ደህናውን ጌጅ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

መኪናው ላይ ተገጥሞ 102 ወይም 105 ብታዪ ደግሞ ፈላ ብለሽ አትደንግጪ። የራዲያተሩ ክዳን 1.1 ባር ከያዘ ውስጡ ያለው ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ያረጀ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ የለም። ክዳን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ የዘይት ግፊት ጌጅ ገጠምኩ። ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ስከፍት ቀስቷ እስከ ጥግ ትወጣለች። ሳስነሳው ትወርዳለች። ነዳጅ ስጨምር ይበልጥ ትወርዳለች። ሻጩ «ሞተርህ ነው» አለኝ። ሞተሬ ምን አጠፋ?
የተገላቢጦሽ

መልስ፦ ሞተርህ ንጹሕ ነው። ጌጅህና ሴንሰርህ ቋንቋ አይግባቡም።

በአውሮፓው ልማድ የግፊት ሴንሰር ባዶ ሲሆን ወደ 10 ኦም ያሳያል፣ ግፊት ሲጨምር ወደ 180 ያድጋል። በአሜሪካው ደግሞ ባዶ ሲሆን 240 ነው፣ ግፊት ሲጨምር ወደ 33 ይወርዳል። የመጀመሪያውን ጌጅ ከሁለተኛው ሴንሰር ጋር ካጋባህ የምታየው ልክ የነገርከኝን ነው። መልቲሜትር ውሰድ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ከሴንሰሩ ንቀል፣ በሴንሰሩ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ያለውን ለካ። 240 አካባቢ ካገኘህ ነገሩ አለቀ፣ ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር በሚስማማ ለውጥ።

ስትገጥመው ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ባለ አንድ ገመድ ሴንሰር ኔጋቲቩን የሚያገኘው በሚጠመዘዝበት ጥርሱ በኩል ከሞተሩ ብረት ነው። ሰው ዘይት እንዳያፈስ ብሎ ጥርሱን በቴፍሎን እንደ ፋሻ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ ጌጁ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሌላው ጥርሱ ራሱ ነው። ኤንፒቲ የሚባለው የአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ በኢንች 27 ነው፣ የጃፓን መኪኖች ላይ የሚበዛው ቢኤስፒቲ ደግሞ 28። አንዱ በሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር በደንብ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ አንተም ጠበቀ ትላለህ። ያን ጊዜ የሞተርህን ጥርስ እየበላኸው ነው።

ከቻልክ ደግሞ ኦሙን ሁሉ ትተህ ባለ ሦስት ገመዱን ግዛ። 5 ቮልት ይገባለታል፣ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ይመልሳል። ለምን ከዜሮ አይጀምርም? ገመዱ ቢቆረጥ ዜሮ ስለሚሆን። 0.5 ማለት «ግፊት የለም» ነው፣ 0 ማለት «እኔ የለሁም» ነው። ጥሩ ጌጅ ሁለቱን ለይቶ ይነግርሃል፣ እኔ ሴንሰር የምወደው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ሜካኒካል ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ? አጭር መልስ ስጠኝ።
ባለ አጭሩ

መልስ፦ አጭር መልሱ፦ ለዘይት ሁለቱም ይሆናሉ፣ ለነዳጅ ግን ኤሌክትሪክ ብቻ።

ሜካኒካሉ ውስጥ ያለው የቡርዶን ቱቦ ነው። ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 የባለቤትነት መብት ያወጣበት፣ ጠፍጠፍ ብላ የታጠፈች ትንሽ የብረት ቱቦ። ግፊት ሲገባባት ለመቃናት ትሞክራለች፣ ቀስቷን የምትገፋው እሷ ናት። ኤሌክትሪክ የለ፣ ቮልት የለ፣ መብራት ብታበራ ግድ የላት። ችግሩ የጋለ ዘይት እስከ ጉልበትህ አጠገብ መምጣቱ ነው። የላስቲኩ ቱቦ ይቀልጣል፣ የመዳቡ ደግሞ በንዝረት ጠንክሮ ይሰነጠቃል። ሜካኒካል ከገጠምክ በብረት ሽቦ የተጠለፈ ቱቦ አድርግ። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ግን ወደ ውስጥ በጭራሽ አይገባም።

ኤሌክትሪክ ከመረጥክ ከባዱን ሴንሰር በናስ መገጣጠሚያ ላይ አንጠልጥለህ በቀጥታ ሞተሩ ላይ አትሰር። ያ ቁራጭ ናስ በንዝረት አንገቱ ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ ዘይቱ በሙሉ ግፊት የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ይረጫል። በአጭር ቱቦ አርቀህ አካሉ ላይ እሰረው። (አጭር አልሆነም፣ ይቅርታ።)

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ መኪናዬ ግን ወጣት ነች። ናፍጣ ባለ ቱርቦ ፒካፕ ነው፣ ጉልበቱን አስጨምሬበታለሁ፣ ተሳቢም እጎትታለሁ። የጭስ ሙቀት ጌጅ ግጠም ተባልኩ። ከቱርቦው በፊት ይሁን ከኋላ? ስንትስ ሲደርስ ልፍራ?
ናፍጣ ወዳዱ

መልስ፦ ጋሼ፣ የመከረዎት ሰው ሥራውን ያውቃል። ናፍጣ ነዳጅ በጨመሩለት ቁጥር ይሞቃል፣ የቤንዚን ተቃራኒ ነው። ተሳቢ ይዘው ዳገት ሲወጡ ዋናው ጌጅዎ ይህ ነው።

ከቱርቦው በፊት ያስገጥሙት። ቱርቦው ከጭሱ ጉልበት ስለሚወስድ ከኋላው ያለው ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ጭነት ላይ ልዩነቱ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ልዩነቱም ቋሚ አይደለም። ከኋላ አስገጥሞ «እዚህ ላይ ይህን ያህል ልደምር» ማለት ግምት ነው። በተለምዶ ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ በላይ እንዳይቆዩ ይመከራል። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ነው። ፒስተንዎ የማይቀልጠው እሳቱ የሚነካው ለቅጽበት ስለሆነና ከሥር ዘይት ስለሚያበርደው ነው። ቀስቷ ስትወጣ ማርሽ ቀንሰው ነዳጁን ያላሉ፣ በሰከንዶች ውስጥ ስትወርድ ያያሉ።

ለገጣሚው ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። አንደኛ፣ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) ወርዶ ይበሳ፣ ብናኙ ወደ ቱርቦው እንዳይሄድ። ሁለተኛ፣ የሴንሰሩ ገመድ ካጠረ በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጥለው። ይህ ሴንሰር ኬ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው በአንድ ዲግሪ ወደ 41 ሚሊዮንኛ ቮልት የሚያመነጩበት። መሃል ላይ ሌላ ብረት ሲገባ ቁጥሩ ይዛባል። ለሱ የተሠራ ገመድ አለ።

ጥያቄ፦ የዋይድባንድ ሴንሰሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞታል። ሦስተኛውን ልገዛ ነው። ሐሰተኛ እየሸጡልኝ ነው?
ሰልችቶኛል

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ አገጣጠሙን እይ። እንደ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ያለው ሴንሰር ውስጡ የጋለ ሴራሚክ ነው፣ የውሃ ጠብታ ከነካው እንደ ሙቅ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ጭስ ማውጫ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውሃ አለ። ስለዚህ አግድም ወይም ከሥር አይገጠምም፣ ከአግድሙ ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። ቱርቦው አፍንጫ ሥርም አታስጠጋው።

መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሴንሰሩን ጭሱ ውስጥ ትተህ ትነዳለህ? በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ስለማይሠራ ጥላሸት ይወርሰዋል። እርሳስ ያለበት የውድድር ነዳጅ ትጠቀማለህ? እሱም ይገድለዋል። ሞተርህ ዘይት ይበላል? እንደዚያው። ሌላ ልጨምርልህ፦ ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ጋስኬት ካለ አየር ይገባና ጌጁ ድብልቁ ሳሳ ይልሃል። ካንዴላ ሲስትም እንዲሁ፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ስለሚያልፍ። በዚህ ተታሎ ነዳጅ እየጨመረ ሞተሩን በቤንዚን ያጠበ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት የቡስት ጌጅ አለኝ፣ አንደኛው ሞተር ጠፍቶ 0 ይላል፣ ሌላው 0.8 ባር። የትኛው ነው የተበላሸው?

መልስ፦ የትኛውም። አንዱ የሚቆጥረው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው፣ ሌላው ከባዶ፣ አየር ጨርሶ ከሌለበት ጀምሮ። 0.8 ካለህ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነህ ማለት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 1 ይልህ ነበር።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ በኦቢዲ (በመኪናው ኮምፒውተር መሰኪያ) የሚሠራ መተግበሪያ አለኝ፣ ሁሉንም ያሳየኛል። ጌጅ ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ «ሁሉንም» ውስጥ የዘይት ግፊት አለ? ፈልገው። አብዛኛው መኪና የግፊት ማብሪያ ብቻ እንጂ ሴንሰር ስለሌለው ኮምፒውተሩም አያውቀውም፣ የማያውቀውን ደግሞ ለስልክህ አይነግርም። ለውሃ ሙቀትና ለሚገባው አየር ሙቀት ግን ስልክህ ይበቃል፣ ከዳሽቦርዱ ቀስትም ይሻላል።

ጥያቄ፦ አምስት ጌጅ ገጠምኩ፣ አሁን ግን እየነዳሁ አንዱንም ማንበብ አልቻልኩም። ባለ 52 ሚሊ ሜትር ናቸው። ወደ 60 ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር። በሰዓት 100 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ፣ ቁጥር ለማንበብ ያን ያህል መንገድ ማን ይሰጥሃል? እሽቅድድም ላይ የቆየ ዘዴ አለ። እያንዳንዱን ጌጅ ከማቀፊያው አላልተህ አዙረው፣ ሞተሩ ሞቆ ደህና ሲሄድ ቀስቷ ቀጥ ብላ ወደ ላይ እንድታይ። ቁጥሮቹ ተንጋደው ይታያሉ፣ ሚስትህም ምን ሆነ ትላለች። አንተ ግን አምስት የቆሙ ቀስቶች ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ያዘመመችውን ዓይንህ ሳትፈልጋት ያገኛታል። ለዘይት ግፊቱ ደግሞ ደማቅ ቀይ መብራት ጨምር፣ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ከሚያሳየው በትንሹ ዝቅ ብለህ አስተካክለው፣ መሪው በማይከልለው ቦታ።